ለአንድ የክልል ሙዚየም የድምፅ አስጎብኚ ምርጫ፦ መሣሪያ እንግዛ፣ በጎብኚው ስልክ እንመካ ወይስ ሁለቱንም?

የመዘክር ባልደረባ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ፣ አራት አዳራሾችና ሰፊ ግቢ ባለው ሙዚየም ውስጥ ነው። በስብስባችን የብራና መጻሕፍት፣ የአካባቢው አልባሳት፣ ጋሻና ጦር፣ የእርሻና የሸክላ ሥራ ዕቃዎች ይገኛሉ። ያሉን አስጎብኚዎች ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ የተማሪዎች አውቶቡስ በር ላይ በቆመ ቁጥር ለብቻው የመጣ ጎብኚ አንዳች ማብራሪያ ሳያገኝ ዞሮ ዞሮ ይወጣል። የግድግዳ ጽሑፎቻችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከገጠር የሚመጡ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎችና ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ጽሑፉን አልፈው ዕቃውን ብቻ አይተው ሲሄዱ ዘወትር አያለሁ።

አሁን በጀት ተፈቅዶ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የፍላጎት ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ የታዘዝሁትም እኔ ነኝ። ሦስት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው ቁጥር ሲጫኑት የሚናገር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት ነው። ሁለተኛው በየቅርሱ አጠገብ ኪውአር ኮድ ለጥፎ ጎብኚው በራሱ ስልክ እንዲያዳምጥ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አንድ አቅራቢ መጥቶ ያሳየን መተግበሪያ ሲሆን፣ ጎብኚው ወደ ቅርሱ በተጠጋ ጊዜ በብሉቱዝ ምልክት ተነሥቶ ራሱ መናገር ይጀምራል። ሰብሳቢያችን በሦስተኛው ተማርከዋል፤ እኔ ደግሞ ሠርቶ ማሳያው የተደረገው ሙዚየሙ ዝግ በሆነበት ቀን መሆኑ አላማረኝም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ፊርማ ከማኖራችን በፊት ምን ትመክሩናላችሁ?

ሬዲዮ ጠጋኝ

ጥርጣሬዎ ልክ ነው። የብሉቱዝ ምልክት ሰጪዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ነው፤ የሰው አካል በአብዛኛው ውኃ በመሆኑ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በትክክል ሲሠራ ያያችሁት መተግበሪያ፣ አርባ ተማሪዎች በመካከል ሲቆሙበት ጎብኚው የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋዋል። አፕል በዚሁ ምልክት የሚሠራውን አይቢከን የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2013 ካስተዋወቀ ወዲህ ብዙ ሙዚየሞች ሞክረውታል፤ ዘዴው ጎብኚው በየትኛው አዳራሽ እንዳለ ለመለየት ደኅና ነው፣ በየትኛው ሣጥን ፊት እንደቆመ ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እኔ ራሴ በተከላው ላይ በረዳሁበት አንድ ዐውደ ርእይ፣ ጎብኚው ጋሻ ፊት ቆሞ ከግድግዳው ማዶ ስላለው የጠላ ጋን ሲተረክለት አይቻለሁ። ቀጭን ግድግዳ ለዚህ ሞገድ መጋረጃ አይሆነውም።

ሌላው የባትሪው ነገር ነው። እያንዳንዱ ምልክት ሰጪ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ሣጥኖቻችሁ ስድሳ ቢሆኑ ስድሳ ባትሪ ተከታትሎ የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ ባትሪ ሲሞት ማንም አያውቅም፤ ዝም ያለውን ቅርስ ጎብኚውም «እዚህ ጋ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ቅሬታም አያቀርብም።

ስለዚህ አቅራቢውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ ሁለተኛውን ሠርቶ ማሳያ ተማሪዎች በሚመጡበት ቀን ያድርግ። እምቢ ካለ መልሱን አገኙ።

አምስተርዳም ነዋሪ

ለታሪክ ያህል አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የድምፅ አስጎብኚዎች ተርታ የሚጠቀሰው እዚህ እኔ በምኖርበት ከተማ፣ በስቴዴላይክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 የተሞከረው ነው። በአዳራሾቹ ዙሪያ ሽቦ ተዘርግቶ ንግግሩ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይሠራጭ ነበር፤ ጎብኚዎች ትንሽ መቀበያ ይዘው በጆሯቸው ይሰሙታል። አስቂኙ ነገር ሥርጭቱ አንድ በመሆኑ ሁሉም ጎብኚ በተመሳሳይ ቅጽበት ወደ ተመሳሳይ ሥዕል መዞር ነበረበት። በጊዜው የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው፣ ሕዝቡ በትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ሰልፈኛ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ካሴቶችም ቢሆኑ ጎብኚውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መስመር የሚነዱ ነበሩ። ቁጥር የሚጫኑበት መሣሪያ የተወደደው እኮ ከዚህ ነፃ ስላወጣ ነው፦ የፈለጉትን ይሰማሉ፣ ያልፈለጉትን ይዘላሉ።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ በአውስትራሊያ ታዝማንያ ያለውን ሞና የተባለ ሙዚየም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት በግድግዳው ላይ አንድም መግለጫ ጽሑፍ አልለጠፈም፤ ለጎብኚው አነስተኛ መሣሪያ ተሰጥቶት ሁሉንም ከዚያ ያነብብ፣ ያዳምጥ ነበር። ብዙ ገንዘብ ያለው ባለቤት ያለው ሙዚየም ነውና ይሆንለታል። ሉቭር እ.ኤ.አ. በ2012 የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያን ለአስጎብኚነት ሲያስገባ ወደ አምስት ሺህ ያህል አዘጋጅቶ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለመቅናት አይደለም። መሣሪያው የአንድ ፋብሪካ የጨዋታ ዕቃ ሲሆን ዕድሜውም የዚያ ጨዋታ ገበያ ዕድሜ ነው፤ ፋብሪካው ማምረት ሲያቆም ሙዚየሙ መለዋወጫ ፍለጋ ይሰደዳል። ሉቭርን የሚያህል ተቋም የሚችለውን ስደት የእናንተ ሙዚየም አይችለውም።

የእኔ ምክር፦ የግድግዳውን ጽሑፍ እንዳትነቅሉ። ድምፁ በጽሑፉ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይሁን።

ድምፅ ቀራጭ

በሙያዬ የሬዲዮና የትረካ ድምፅ እቀርጻለሁ፤ ለሁለት ዐውደ ርእዮችም የጎብኚ ትረካ ሠርቻለሁ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ዕቃው ነው። እኔ ደግሞ ገንዘባችሁ ቢያንስ ግማሹ ለጽሑፉና ለድምፁ ይዋል ባይ ነኝ፤ መጥፎ ትረካ በጥሩ መሣሪያ ሲሰማ የበለጠ መጥፎ ይሆናል።

በመጀመሪያ ከእንግሊዝኛ አትተርጉሙ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በተዘጋጀ አንድ ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ ላይ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነበር፤ ተርጓሚው «1974» የሚለውን ቁጥር እንዳለ አስቀምጦ «ዓ.ም.» ጨመረበት፣ እኛም ሳናጣራ ቀረጽነው። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት መሣሪያውን ይዘው ወደ እንግዳ መቀበያው መጡና «ልጄ፣ ድንቅነሽ የተገኘችው ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት ነው፤ ኅዳር 1967። ይኼ ሰውዬ ሰባት ዓመት ዘገየ» አሉን። ቃል በቃል ልክ ነበሩ፤ ግድያው ኅዳር 14፣ ግኝቱ ኅዳር 15 ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል ተራኪውን እንደገና ከፍለን ጠራነው፤ የክፍሉ ድምፅና የተራኪው ጉንፋን ስላልገጠመ መላውን ክፍል እንደ አዲስ ቀረጽን።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴያችሁ «በኮምፒውተር ድምፅ እናስነብበው» የሚል ሐሳብ ማምጣቱ አይቀርምና ከወዲሁ ልናገር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ዋና በር» ሲል ዋና ይጠብቃል፤ የፋሲልን መዋኛ እያነሡ «ዋና» ሲሉ ይላላል። «በሣጥኑ ውስጥ ዘውድ አለ» እና «ንጉሡ እሺ አለ» በጽሑፍ አንድ ናቸው። ሰው ከአገባቡ ያውቀዋል፤ ማሽኑ አንዳንዴ ያውቀዋል፣ አንዳንዴ ይስታል፣ የሳተ ጊዜ ደግሞ አድማጩ ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ የሚቀጥለውን አያምንም። «ደ/ች» (ደጃዝማች) እና «ቅ.ል.ክ.» (ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) የመሳሰሉ አሕጽሮቶችንማ ተዉት። ለሙከራ ይሁን፣ ለጊዜያዊ ማስታወቂያ ይሁን፤ ለቋሚው ትረካ ግን ሰው ይንገር፤ ያውም የአካባቢውን የቦታ ስሞች ከባለአገሩ ሰምቶ የተለማመደ ሰው።

ሦስተኛው ነገር አጠራር ነው። ጎብኚውን «አንተ» ካላችሁት ሴቷን ዘለላችኋት፤ «እናንተ» ካላችሁት ደግሞ ማዳመጫው አንድ ጆሮ ላይ ስለሆነ ሰውየው ሌላ ማን አለ ብሎ ይዞራል። «እርስዎ» ይሻላል፤ ጾታም አይመርጥ፣ አክብሮቱም ለሽማግሌ ይመጥናል። ለልጆች ግን ለብቻው ሌላ ትረካ ጻፉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ «ወደ ግራዎ ይመልከቱ» ሲባል ከአባቱ ጋር የሚያወሩ ይመስለዋል።

በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣልና ረጅም ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ይከብዳል፤ በወረቀት ላይ ያማረው ሁሉ በጆሮ አያምርም። በመጀመሪያ ዓይኑን ምሩት፦ «ከፊትዎ ባለው መስቀል የታችኛው ክንድ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይታያል።» ዓይኑ ስንጥቁ ላይ ካረፈ በኋላ ታሪኩን ንገሩት። ለአንድ ቅርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው እግሩም ይሰማዋል።

የመዘክር ባልደረባ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። የድንቅነሽን ነገር ለሰብሳቢያችን አንብቤላቸው ሳቁ፤ ከዚያም የእኛን የግድግዳ ጽሑፍ ሄደን አየን፤ አንድ ቦታ የዓድዋ ዘመን 1896 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ስንት ዓመት ተሰቅሎ እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ወደ 1888 ተስተካክሏል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። መሣሪያ ብንገዛ ስንት ያስፈልገናል? ኪውአር ኮዱንስ ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይቻላል? በከተማችን ኔትዎርክ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል።

የዕቃ ክፍል

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ በሌላ ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት መሣሪያ አስረክቤ የተረከብሁ ነኝና።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በተጨናነቀ ሰዓት ስንት ሰው ይገባል? አንዱ ሰውስ መሣሪያውን ለስንት ጊዜ ይዞ ይቆያል? በሰዓት 40 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢይዘው፣ በማንኛውም ቅጽበት 60 መሣሪያ በጎብኚዎች አንገት ላይ ይኖራል። ቻርጅ ላይ ላሉት፣ ለተበላሹትና ለሚጸዱት አሥር ያህል ጨምሩ። ተማሪዎች በጅምላ ሲመጡ ይህ ሒሳብ ይፈርሳል፤ ለእነርሱ መሣሪያ አታድሉ፣ አስጎብኚ ስጧቸው። መሣሪያው ለብቻው ለመጣው ሰው ነው ካላችሁ፣ ከ70 ይልቅ 15 ወይም 20 ሊበቃችሁ ይችላል።

ባትሪው የሚወጣና የሚቀየር መሆኑን በዝርዝሩ ላይ በደማቁ ጻፉ። ሊትየም ባትሪ አምስት መቶ ጊዜ ያህል ከተሞላ በኋላ ጉልበቱ መድከም ይጀምራል፤ በየቀኑ የሚሞላ መሣሪያ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ እዚያ ይደርሳል። ባትሪው በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ያን ጊዜ መላው መሣሪያ ቆሻሻ ነው፤ ለአዲሱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠፋ ጠዋት ሰባ ባዶ መሣሪያ ይዞ ከጎብኚ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። የቻርጅ መደርደሪያው በትንሽ የሶላር ባትሪ ወይም መብራት ሲጠፋ በሚተካው ባትሪ፣ በዩፒኤስ፣ በኩል ይለፍ።

የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ ያለው አይሁን፤ አልኮል ሲነካው ይጠጣል፣ ላብም ይጠጣል። በጨርቅ ተወልውሎ የሚጸዳ ይሁን፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን እንደ ስልክ ወደ ጆሮ የሚጠጋው ዓይነት ነው። አንድ ጆሮ ነፃ ስለሚቀር ባልና ሚስት እየተነጋገሩ ይጎበኛሉ፤ ዘበኛው «ወደኋላ በሉ» ሲልም ይሰማሉ።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልቀበል። ይቻላል፤ ርካሽም ነው። አንድ ቅርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ከሆነ ሠላሳ ቅርስ 45 ደቂቃ ይሆናል። የሰው ንግግር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ጥራት ቢቀመጥ ይህ ሁሉ 22 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አራት ቋንቋ ቢሆን 90 እንኳ አይሞላም። ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ወይም የመዳፍ ያህል የሆነ ትንሽ ሰርቨር ይህን በሙዚየሙ ዋይፋይ ላይ ያቀርባል፤ የውጭ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ችግሮቹ ሌሎች ናቸው። ስልኮች ኢንተርኔት የሌለውን ዋይፋይ አይወዱም፤ ትቶ ወደ ሞባይል ዳታ የሚመለስ ስልክ ይኖራል፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ «ተገናኝተው ይቆዩ የሚለውን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍና የሚያግዝ ሰው ይኑር። ተራ የቤት ራውተር ደግሞ ስድሳ ሰው ባንዴ ሲጠመድበት ይዝላል፤ ለየአዳራሹ አንድ አንድ ይሻላል።

የኮዱን ስፋት በሚነበብበት ርቀት መጥኑት፤ አሥረኛው እጅ ይሁን የሚለው ልማድ ይሠራል። ከሣጥኑ 60 ሴንቲሜትር የሚቆም ሰው የ6 ሴንቲሜትር ኮድ ይፈልጋል። ከመስታወቱ ኋላ አታስገቡት፤ ነጸብራቁ ያስቸግራል። የብራናና የጨርቅ አዳራሻችሁ ብርሃኑ በደንቡ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ከሆነ ደግሞ ጨለማ ነው፤ ኮዱ አልነበብለት ያለው ጎብኚ የስልኩን መብራት ያበራል፣ ያም መብራት በቀጥታ የሚያርፈው ስትጠብቁት በኖራችሁት ብራና ላይ ነው። በዚያ አዳራሽ ኮዱን መግቢያው ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ለሙሉ አዳራሹ አንድ ብቻ አድርጉና ከዚያ በኋላ በቁጥር ይምረጥ።

ኮዱን በነፃ ከሚያዘጋጁ ድረ ገጾች አትውሰዱ። አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ በብረት ሰሌዳ ላይ አስቀርጾ ሰቀለ፤ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሁሉም ኮዶች «ለመቀጠል ይክፈሉ» ወደሚል ገጽ ይወስዱ ጀመር። ኮዱ በቀጥታ ወደ ራሳችሁ አድራሻ ይሂድ።

አስጎብኚ ከጎንደር

ሁላችሁም ደኅና ብላችኋል፤ እኔ ግን እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፍም።

ድምፁ አስጎብኚውን ይተካል ብሎ የሚያስብ ኮሚቴ ካለ ይሳሳታል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ እዚያ ከሚያስጎበኙት መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ ሰዎች አሉ። «እኔ ነበርሁበት» የሚልን ሰው በምን ቁልፍ ታስገባዋለህ? በእናንተም ከተማ ያንን ሞፈርና ቀንበር ሲያርሱበት የኖሩ፣ ያንን እንስራ የሠሩ እናቶች አሉ። ተዋናይ ከመቅጠራችሁ በፊት የእነርሱን ድምፅ ቅረጹ፤ ሳሉም፣ ዶሮውም ከኋላ ቢጮህ ችግር የለውም።

የግቢውን ነገር ማንም አላነሣም። በፋሲል ግቢ ያለ ሰው ከግንብ ግንብ ሲዘዋወር ሜዳ ላይ ነው፤ እዚያ የስልኩ ጂፒኤስ ይሠራል፣ ከጣሪያ በታች ግን ከንቱ ነው። ስለዚህ ለግቢና ለአዳራሽ አንድ ዓይነት ዘዴ የግድ አይደለም። አገልግሎት በሚሰጥ ቤተ ክርስቲያንማ ማዳመጫውን ከበር ላይ ማውለቅ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ሆኖ በጆሮው ትረካ የሚሰማ ጎብኚ ካህናቱንም ምእመናኑንም ያስቀይማል።

የአቅራቢው መተግበሪያ በወር ክፍያ ነው ወይ? ትረካውስ የሚቀመጠው የት ነው? «በክላውድ» ካሉ፣ በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቃሉም በአማርኛ ደመና ማለት ነውና፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንባችሁ።

ድምፅ ቀራጭ

የጎንደሩ ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ በውሉ ላይ መግባት ያለበት ነው። ያልተጨመቀው ዋናው ቅጂ፣ ጽሑፉና ትርጉሞቹ በሙሉ የሙዚየሙ ንብረት ይሁኑ፤ በርክክብ ቀን በሁለት ዲስክ ይሰጣችሁ። ከተራኪውም ጋር ድምፁን በሌላ መሣሪያ ላይ መልሳችሁ መጠቀም እንደምትችሉ ተፈራረሙ። ፋይሉ በእጃችሁ ካለ ዛሬ በኪውአር፣ ነገ በመሣሪያ፣ ከነገ ወዲያ በማናውቀው ነገር ታሰሙታላችሁ።

ስለ ዶሮው ግን አልስማማም፤ ሳሉ ይሁን፣ ዶሮዋ ትውጣ።

መምህር

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ይዤ ሙዚየም እሄዳለሁ። «የድምፅ አስጎብኚ አለን፣ ለእናንተም ይሆናል» የሚለኝ ብዙ ነው። አይሆንም። የተለመደው ትረካ «እንደሚያዩት» ብሎ ይጀምራል። እኔ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ጋሻው ክብ ነው ወይስ ሞላላ፣ ስፋቱ ክንድ ይሆናል ወይ፣ ቆዳው ለስላሳ ነው ወይስ ጉብጉብ ያለ፣ ብሩ የት ላይ ተለብጧል። ይህ ለብቻው የሚጻፍ ገለጻ ነው፤ ለሠላሳውም ባይሆን ለስምንት ወይም ለዐሥር ቅርሶች ጻፉት። ባለፈው ዓመት አንድ የሙዚየም ሠራተኛ፣ ደንቡ የሚፈቅድለት የቅርቡ ዘመን እንስራ ስለነበረ፣ እጄን ይዞ አንገቱን አስዳሰሰኝ፤ ጣቶቼ የሠሪዋ አውራ ጣት ያረፈበትን ጎድጓዳ አገኙት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ትረካ ሁሉ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። ትረካውን ከሚዳሰስ ነገር ጋር አገናኙት፤ አምሳያ እንኳ ቢሆን።

ስለ መሣሪያው፦ ለስላሳ መስታወት ብቻ ያለው ለእኔ ግድግዳ ነው። ቁልፍ ያለው፣ ቁጥር አምስት ላይ የምትዳሰስ ነጥብ ያለችበት ይሁን። የስልኩ ገጽ ከሆነም የስክሪን አንባቢ (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብብልን ፕሮግራም) የሚያነብበው መሆኑን ለአንድ ዓይነ ስውር ሰጥታችሁ አስሞክሩት፤ ኪውአር ኮዱ የተለጠፈበትን ቦታ በጣት ማግኘት እንዲቻልም ጠርዙ ከፍ ያለ ይሁን። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የትረካው ሙሉ ጽሑፍ በዚያው ገጽ ላይ ይውጣ፤ ጽሑፉ አስቀድሞ የተጻፈ ነውና ወጪ የለውም።

አዲስ ገብ

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ለምን በቴሌግራም አይሆንም? ቻናል ከፍቶ ሠላሳውን ድምፅ በቁጥር መጫን ብቻ ነው። እኛ ክፍል ቴሌግራም የሌለው ልጅ የለም።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ለሙከራ ከዚህ የሚሻል የለም፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ የትኛው ትረካ ስንት ጊዜ እንደታየም ይቆጥራል። ለቋሚ አገልግሎት ግን ማኅበራዊ ሚዲያ በሚዘጋበት ጊዜ ሙዚየሙም አብሮ ዲዳ ይሆናል፤ ብዙ የውጭ ጎብኚም ቴሌግራም የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ለተማሪዎቹ ቡድን አስጎብኚው የሚናገርበት ማይክና ብዙ መቀበያ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የሞገዱን ቁጥር ተመልከቱ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ብዙው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ ይጠቀማል፤ የዚያ ከፊሉ በእኛ አገር የሞባይል ስልክ ሞገድ ነው። የአውሮፓው ከ863 እስከ 865 ነው። ገመድ አልባ መሣሪያ ሲገባ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋልና፣ ከዘመድ ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ አታስመጡ። ፈቃዱን የማውጣት ግዴታ የአቅራቢው እንዲሆን በጨረታ ሰነዱ ላይ ጻፉ።

የመዘክር ባልደረባ (ጠያቂ)

ኮሚቴው ትናንት ተሰበሰበ። የብሉቱዙን አቅራቢ የተማሪዎች ቀን ጠርተነው ነበር፤ ከስድስት ቅርሶች ሁለቱን ብቻ በትክክል አወቀ፣ ሰብሳቢያችንም ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አሁን ያሰብነው እንዲህ ነው። ዕቃ አንገዛም፤ በመጀመሪያ የዐሥር ቅርሶች ትረካ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንጽፋለን፤ የኦሮምኛውን ከአማርኛው ሳንተረጉም፣ እዚያው አካባቢ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን ነው። ሸክላ ሠሪዋ እማማ በራሳቸው ድምፅ እንዲናገሩ ተስማምተዋል፤ ዶሮዋን በተመለከተ ቀራጩ ከጎረቤት ጋር ይደራደር። ይህን ለሁለት ወር በቴሌግራምና በሙዚየሙ ዋይፋይ እናስሰማለን። ከዚያ ስልክ ለሌላቸው፣ ለአረጋውያንና ለዓይነ ስውራን ብቻ ቁልፍ ያላቸውን 20 መሣሪያዎች በጨረታ እንገዛለን። መምህር፣ የአምስት ቁጥሯን ነጥብ በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያው ገጽ አስገብቻታለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ የመያዣው ነው። መሣሪያው ሲሰጥ መታወቂያ እንያዝ ወይስ ገንዘብ?

የዕቃ ክፍል

ፓስፖርት በፍጹም አትያዙ፤ ጠፋ ቢባል ዕዳው ከመሣሪያው ይበልጣል። ገንዘብም ቢሆን መልስ ፍለጋ ወረፋ ይፈጥራል። እኛ የነበረን እንዲህ ነበር፦ ለመሣሪያውና ለመስቀያው ሚስማር አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ፣ ጎብኚው ስሙንና ስልኩን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ መውጫው በር ያለው ደግሞ በእንግዳ መቀበያው በኩል ብቻ ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው በሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ሚስማሮቹን በዓይን ታያለህ፤ ባዶው ሚስማር ራሱ ይነግርሃል። ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የሚገኘው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የመጨረሻውን ትረካ እየሰማ ካለ ሰው አንገት ላይ ነው።